የአባባ ካርቶን፦ የካሴቶቹና የደብተሮቹ ሥራ ማስታወሻ

ኅዳር 8 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ነቀምቴ

አያቴን፣ አባባን፣ ከቀበርን ዛሬ 19 ቀናችን ነው። የሕይወት ታሪካቸውን የጻፍኩት እኔ ነበርኩ፤ ሌሊት፣ ለቅሶ ቤቱ ሳይረጋ፣ በስልክ ብርሃን። በቀብሩ ላይ ሲነበብ 4 ደቂቃ እንኳ አልፈጀም። በሚሲዮን ትምህርት ቤት ተማሩ፣ ወንጌላዊ ሆነው አገለገሉ፣ በ1957 ዓ.ም. የቅስና ማዕረግ ተቀበሉ፣ በ1988 ጡረታ ወጡ፣ 6 ልጆችና 23 የልጅ ልጆች አዩ፣ በተወለዱ በ93 ዓመታቸው ወደሚወዱት ጌታ ሄዱ። አንዱም ሐሰት የለበትም። ሕዝቡ ሲበተን ግን አንዲት አሮጊት እጄን ይዘው «እኔ ዘንድ በየሐሙሱ ይመጡ እንደነበር አልተነገረም» አሉኝ። የወቀሳ አነጋገር አልነበረም። የጎደለውን ነው የነገሩኝ። እስካሁን ከጆሮዬ አልወጣም።

አኮ (ሴት አያታችንን እንዲህ ነው የምንጠራቸው) ከአልጋ ሥር አንድ የሳሙና ካርቶን አወጡልኝ። 23 ካሴቶች፣ 7 ባለ መስመር ደብተሮች፣ ፎቶ የታጨቀበት ፖስታ፣ በላስቲክ ተጠቅልሎ በገመድ የታሰረ አንድ ወፍራም መዝገብ። መዝገቡን ሳነሳው ሰም ሰም ሸተተኝ። ምክንያቱን ልጠይቅ ስል ለቅሶ ደራሾች ገቡ።

ያሰብኩት ይህን ነው፦ ካሴቶቹን ሁሉ ወደ ኮምፒውተር መገልበጥ፣ የደብተሮቹን እያንዳንዱን ገጽ ፎቶ ማንሳት፣ የሚያውቋቸውን ሰዎች ቃል መቅዳት፤ ከዚያም ዓመታቸው ሲሞላ ለልጆቻቸውና ላገለገሏቸው ማኅበረ ምእመናን ማስረከብ። የሠራሁትን እዚህ እጽፋለሁ፤ ተመሳሳይ ካርቶን ቤቱ ያለ ሰው ይጠቀምበት ይሆናል።

ኅዳር 15

ለካሴቶቹ ቁጥር ሰጠኋቸው። ቁጥሩን በእርሳስ በትንሽ ወረቀት ጽፌ ሳጥናቸው ውስጥ አኖርኩት፤ ካሴቱ ላይ ምንም አልለጠፍኩም። ሙጫ ሲቆይ ይላቀቅና ቴፕ ሪከርደሩ ውስጥ ገብቶ ይጣበቃል።

ከምንም አስቀድሜ ያደረግኩት በካሴቱ ጀርባ በኩል ያሉትን ሁለት ትንንሽ የፕላስቲክ ጥርሶች መስበር ነው። እነሱ ከሌሉ የመቅጃው ቁልፍ አይወርድም፤ በስህተት እንኳ ድምፅ አይጠፋም። ይህን ቀድሞ የሚያውቅ ሰው በቤታችን ቢኖር ኖሮ! ቁጥር 9 ላይ በአባባ እጅ «የትንሣኤ ስብከት» ተብሎ ተጽፏል። ከ1 ደቂቃ በኋላ ዘፈን ነው። ከዓመታት በፊት፣ በእኛው ቤት፣ ባዶ ካሴት ያጣ ልጅ የቀዳበት መሆን አለበት። ማን እንደሆነ አልጠየቅኩም። የተረፈችው ደቂቃ ውስጥ አባባ «ተነሥቷል» የሚለውን ቃል ሁለት ጊዜ ይላሉ፤ ሦስተኛው ላይ ይቆረጣል።

ሦስቱ ካሴቶች ደግሞ ቴፑን ከ«ሄዱ»፣ ድምፁን ከሚያነበው የቴፕ ሪከርደሩ ክፍል፣ ጋር የምታስጠጋው ትንሽ ጨርቅ ወድቃለች። ጨርቋ የምትቀመጠው በቀጭን የናስ ምላስ ላይ ነው፤ እሷ ከሌለች ድምፁ ሩቅ ይሆናል፣ ይመጣል ይሄዳል። ከማያስፈልግ ካሴት ነቅዬ ተካኋት። ቁጥር 17 ብሎን የለውም፤ ፕላስቲኩ የተበየደ ነው። በቀጭን ምላጭ ዙሪያውን ፈልቅቄ ሁለቱን ጥቅልሎች ብሎን ወዳለው ሌላ ቅርፊት አዛወርኳቸው። እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር። ሲያልቅ ከወንበሩ ላይ ለመነሣት ጊዜ ወሰደብኝ።

ኅዳር 22

ቴፕ ሪከርደሩን ከላፕቶፑ ጋር አገናኝቼ መጀመሪያ የሰማሁት የአባባን ድምፅ ሳይሆን ወፍራም፣ የማያቋርጥ «እምምም» ነበር። የመብራቱ ነው፤ 50 ኸርዝ። ግማሽ ቀን ገመድ ስቀያይር ከዋልኩ በኋላ መፍትሔውን ያገኘሁት መብራት ሲጠፋ ነው። ቴፑን በባትሪ ድንጋይ፣ ላፕቶፑን በራሱ ባትሪ ሳሠራቸው ጩኸቱ ጸጥ አለ። ከዛሬ ጀምሮ መብራት ቢኖርም የምቀዳው በድንጋይ ነው።

ሄዱን በጥጥና በአልኮል ጠረግኩት፤ ጥጡ ቡናማ ሆኖ ወጣ። ካሴቱን ከማጫወቴ በፊት አንዴ እስከ መጨረሻው፣ ከዚያ ወደ መጀመሪያው አጠነጥነዋለሁ፤ ለዓመታት ሳይነካ የተኛ ቴፕ እንዲላቀቅና ጥቅልሉ እንዲስተካከል። ከሄዱ አጠገብ ደግሞ አንዲት ብሎን አለች፤ በትንሹ ስትዞር የሄዱ ዘንበል ይለወጣል። አባባ «ሰ» እና «ሽ» ሲሉ ጥርት እስኪል ድረስ በጥቂት በጥቂቱ አዞርኳት። ጥርት ያለበትን ቅጽበት የሚረሳኝ አይመስለኝም። ከሌላ ክፍል የሚሰማ የነበረው ሰው በሩን ከፍቶ የገባ ያህል ነው።

የምቀዳው በዌቭ ፋይል ነው፤ 24 ቢት፣ 48 ኪሎ ኸርዝ። አንድ ባለ 60 ካሴት በስቴሪዮ 1 ጊጋባይት ያህል ይይዛል። ሦስት ቅጂ አደርጋለሁ፤ አንዱ ላፕቶፑ ላይ፣ አንዱ ሃርድ ዲስክ ላይ፣ አንዱ አዲስ አበባ ወንድሜ ጋ።

ታኅሣሥ 4

ካሴት ቁጥር 3። ልጆች የማጽኛ ትምህርት ሲማሩ የተቀዳ ነው። አባባ በኦሮምኛ ይጠይቃሉ፦ «ኩን ማል ጄቹዸ?» ይህ ምን ማለት ነው? ጀርመናዊው የተሐድሶ መሪ ማርቲን ሉተር በ1529 (እ.ኤ.አ.) ያሳተመው ትንሹ ካቴኪዝም (በጥያቄና መልስ የተጻፈ የእምነት ትምህርት) የሚመላለስበት ጥያቄ ይኸው ነው፤ ከእያንዳንዱ ትእዛዝና ከእያንዳንዱ ልመና በኋላ «ይህ ምን ማለት ነው?» ይላል። ሉተር ያን መጽሐፍ የጻፈው በሳክሶኒ ያሉ አጥቢያዎችን ዞሮ ካየና ሕዝቡ የሚያምነውን እንደማያውቅ ከተረዳ በኋላ ነው። አባባ ይህን ታሪክ ይወዱት ነበር። «ቤት ለቤት ካልዞርክ ምን እንደምትሰብክ በምን ታውቃለህ?» ይሉ ነበር ለወጣት ወንጌላውያን።

በካሴቱ ላይ የደረሱት «የዕለት እንጀራችንን ስጠን» የሚለው ላይ ነው። ጥያቄውን ይጠይቃሉ፤ ከዚያ ዝም። ቆጠርኩት፤ 11 ሰከንድ። ዶሮ ይጮኻል፣ አንድ ልጅ ያስላል፣ አግዳሚ ወንበር ሲንቀሳቀስ ይሰማል። አባባ አልረዱም፣ አልጎተጎቱም። በመጨረሻ አንዲት ልጅ ቀጭን ድምፅ አውጥታ «እናቴ ከገበያ ስትመለስ» አለች። በቃሏ እንድታጠናው የተሰጣት መልስ ይህ አይደለም፤ እዚያ ምግብ፣ ልብስ፣ ቤት፣ ደግ ጎረቤት እየተባለ ነው የሚዘረዘረው። አባባ ግን «ኤዬ፣ እሱም ነው» አሉና ስሟን ጠሩ። ቀጥለው ሌላውን ልጅ ጠየቁ።

የምጠቀምበት የድምፅ ማስተካከያ ፕሮግራም፣ ኦዳሲቲ፣ ዝምታን በራሱ የሚያሳጥር መሣሪያ አለው፤ ብዙ ሰው ፋይሉ እንዲያንስለት ይጠቀምበታል። ያንን 11 ሰከንድ አልነካውም።

ታኅሣሥ 19

የካሴቶቹ ትልቁ ችግር ቀን የላቸውም። «ቁ. 6፣ መዝሙር» ብቻ የተጻፈበት አለ። ዛሬ ግን ቁጥር 6 መጨረሻ ላይ፣ መዝሙሩ ካለቀ በኋላ፣ ጥቂት ሰከንድ የሬዲዮ ድምፅ አገኘሁ፤ አስተዋዋቂው የብሥራተ ወንጌልን ስም ይጠራል። ከወንበሬ ተነሣሁ። የሉተራን ዓለም ፌዴሬሽን አዲስ አበባ ላይ ያቋቋመው ያ ጣቢያ ሥራ የጀመረው የካቲት 19 ቀን 1955 ዓ.ም. ነው፤ ደርግ የወረሰው መጋቢት 3 ቀን 1969 ዓ.ም. ነው፤ ከዚያ በኋላ የአብዮታዊት ኢትዮጵያ ድምፅ ተባለ። ስለዚህ ቁጥር 6 ከመጋቢት 1969 በፊት የተቀዳ ነው። ካሴት ራሱ ለዓለም የታየው ጣቢያው በተከፈተበት በ1963 (እ.ኤ.አ.) መሆኑ ደግሞ ገረመኝ።

አኮ እንደሚሉት በአጭር ሞገድ የሚሠራው ሬዲዮ ማታ ማታ በረንዳ ላይ ይወጣ ነበር፤ ጎረቤቱ ሁሉ ዙሪያውን ይቀመጣል፤ አባባም በጎን ሆነው አንዳንዱን ነገር በኦሮምኛ ይተረጉማሉ።

ታኅሣሥ 28

ፎቶዎች። 64 ናቸው፤ በ600 ዲፒአይ ስካን አደረግኳቸው። በስተጀርባቸው የተጻፈውንም ለብቻ። ብዙው ሥራ ስም መጠየቅ ነው፤ ለሦስት አዛውንቶች አሳይቼ የ41 ሰዎችን ስም አገኘሁ። በፎቶ ጀርባ በእስክሪብቶ አትጻፉ፤ ቀለሙ በጊዜ ብዛት ወደ ፊት ይዘልቃል። ለስለስ ያለ እርሳስ ይበቃል።

ጥር 13

ዛሬ የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ በአገር አቀፍ ደረጃ የተመሠረተችበት ቀን ነው፤ ጥር 13 ቀን 1951 ዓ.ም.፣ 66 ዓመት። ያኔ አባሎቿ 20 ሺህ ያህል ነበሩ፤ ዛሬ ከ10 ሚሊዮን በላይ መሆናቸውን ትገልጻለች። ስለዚያ ዕድገት ሲወራ የሚነሡት ጉባኤዎቹና መሪዎቹ ናቸው። የአባባ ደብተር ውስጥ ግን ዕድገቱ ሌላ መልክ አለው፦ «ሰኞ፣ ወንዝ ማዶ፣ 2 ቤት። የታመመች አለች። ማክሰኞ፣ ዝናብ፣ አልደረስኩም። ረቡዕ ተመልሼ ሄድኩ።» ገጽ በገጽ፣ ዓመት በዓመት እንዲህ ነው። አማርኛና ኦሮምኛ እየቀላቀሉ ነው የሚጽፉት። ሁለት ደብተር ጨርሼ ስለ ራሳቸው የጻፉት አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ አገኘሁ፦ «እግሬ አብጧል።»

አንድ ነገር ግን አስተዋልኩ። እስከ 1971 ዓ.ም. ክረምት ድረስ የጎበኟቸውን ሰዎች ስም በሙሉ ይጽፋሉ። ሐምሌ 21 ቀን 1971 የቤተ ክርስቲያኒቱ ዋና ጸሐፊ ቄስ ጉዲና ቱምሳ አዲስ አበባ ላይ ታፍነው ተወሰዱ፤ አስከሬናቸው የተገኘው ከ13 ዓመት ያህል በኋላ ነው። ባለቤታቸው ወይዘሮ ፀሐይ ቶሎሳም 10 ዓመት ያህል ታሰሩ። የአባባ ደብተር ስለዚህ አንድም ቃል አይናገርም። ከነሐሴ 1971 ጀምሮ ግን ሙሉ ስም የለም፤ የስሙ መጀመሪያ ፊደል ብቻ። «ተ. ዘንድ። መ. ዘንድ፣ ልጁ አልተሻለውም።» እንዲህ እስከ 1983 ድረስ ይቀጥላል። ደብተሩ በሰው እጅ ቢወድቅ ማንም በእሳቸው ጽሑፍ እንዳይያዝ ነው።

እነዚያን ፊደሎች ወደ ስም መመለስ አሁን የእኔ ሥራ ሆነ።

የካቲት 2

መዝገቡን ከፈትኩት። የጥምቀት መዝገብ ነው፦ የሕፃኑ ስም፣ የእናትና የአባት ስም፣ የክርስትና አባትና እናት፣ ቀን። ጠርዙ ሁሉ በሰም ተለብጧል፤ ከመሐሉ ወደ 30 የሚሆኑ ቅጠሎች እርስ በርሳቸው ተጣብቀዋል። አንድ ዘመዴ በካውያ ተኩሺው አለኝ። አይሆንም። የንብ ሰም በ62 ወይም በ65 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ይቀልጣል፤ ካውያ ቢያርፍበት ቀልጦ ወደ ወረቀቱ ይሰርጋል፣ ቀለሙንም ይዞ ይሄዳል። መንገዱ ተቃራኒው ነው፤ ሰም ሲቀዘቅዝ ይሰባበራል።

በሁለት ላስቲክ አሽጌ ፍሪዘር ውስጥ አሳደርኩት። ጠዋት ሳወጣው ላስቲኩን ቶሎ አልከፈትኩም፤ ወዲያው ቢከፈት የአየሩ እርጥበት ቀዝቃዛው ወረቀት ላይ ይወርዳል። ግን ጨርሶ ከሞቀም ሰሙ ይለሰልሳል። ከብዙ ሙከራ በኋላ የደረስኩበት፦ ከላስቲኩ ሳላወጣ ጠርዙን በጣቴ ቀስ ብዬ ማጠፍ፤ ሰሙ «ጠቅ ጠቅ» እያለ ሲላቀቅ ይሰማል። ከዚያ ወደ ክፍሉ ሙቀት እስኪመለስ ታሽጎ ይቆያል፤ ከዚያ ተከፍቶ ፍርፋሪው በለስላሳ ብሩሽ ይጠረጋል። በአንድ ዙር ሦስት ወይም አራት ቅጠል ነው የሚላቀቀው። መብራት በጠፋበት ቀን ሥራ የለም።

የካቲት 9

ማታ አኮን ጠየቅኳቸው። ቡና እያፈሉ ነበር፤ ጀበናውን አስቀምጠው ሳቁ።

«ንቦቹ ናቸዋ የጠበቁልን!»

የነገሩኝን ቀድቼዋለሁ፤ እንዲህ ነው። ቤተ ክርስቲያኑ የተዘጋ ጊዜ፣ በደርግ ዘመን በወለጋ ብዙ አብያተ ክርስቲያናት ተዘግተው ነበር፣ አባባ ከሁሉ ይልቅ የተጨነቁት ለመዝገቡ ነው። ውስጡ የሰው ሁሉ ስም አለ፤ ማን ልጁን እንዳስጠመቀ፣ ማን የክርስትና አባት እንደሆነ። ቤት ውስጥ አይቀመጥም፤ ቤታቸው ሁለት ጊዜ ተፈትሿል። ማቃጠል ደግሞ እንዴት ይቻላል? በኮባ ቅጠል ጠቅልለው ከጓሮ ዋንዛ ላይ ወደተሰቀለ አሮጌ ባዶ ቀፎ ከተቱት። በዚያው ዓመት ንብ ገባበት። ለሦስት ዓመት ማር አልቆረጡም። ጎረቤት «ቄሱ ሰነፉ እንዴ፣ ማሩ ሞልቶ እየፈሰሰ» ሲል አኮ ይሰማሉ፤ ምንም አይመልሱም።

«አንድ ቀን እሳቸው ታስረው ሳለ ፈታሾች መጡ» አሉኝ። «ጓሮውን ሁሉ አዩ። ከዛፉ ሥር ቆሙ። ንቦቹ ጮኹ። ሄዱ።»

«ፈርተው ነበር፣ አኮ?»

«ስለ መዝገቡ አልነበረም የፈራሁት፤ ስለ እሱ ነው። እሱ ግን ከእስር ሲመለስ መጀመሪያ የጠየቀኝ ምን መሰለሽ? ‹ንቦቹ አሉ?›»

ለማኅበር መሰብሰብ ሲከለከል፣ አሉኝ ደግሞ፣ ለቅሶ ቤት ግን አልተከለከለም። አባባ ለቅሶ አይቀሩም ነበር። ሰው ዝም ብሎ ሲቀመጥ እሳቸው ቀስ ብለው መዝሙረ ዳዊት በቃላቸው ይላሉ። ያ ነበር አምልኳቸው።

መጋቢት 3

ዛሬ አንድ ነገር አሳዘነኝ፤ ማታ ደግሞ ደስ አሰኘኝ።

አባባ ማንበብ የለመዱት በኦሮምኛው መጽሐፍ ቅዱስ ነው። ኦነሲሞስ ነሲብ ከአስቴር ጋኖ ጋር ደክመውበት በ1899 (እ.ኤ.አ.) ሙሉው የታተመው ያ ትርጉም የተጻፈው በግዕዝ ፊደል ነው። ስለዚህ አባባም ኦሮምኛ የሚጽፉት በፊደል ነበር፤ በ1984 ቁቤ (የላቲኑ ፊደል) ከመጣ በኋላም የለመዱትን አልተዉም። የእኛ ትውልድ ደግሞ ኦሮምኛን በቁቤ ነው የተማረው። በፊደል ሲጻፍ የሚጠብቀውና የሚላላው አይለይም፤ አንዳንዱን ቃል እንደ እንቆቅልሽ ነው የምፈታው።

በ1974 ደብተር ላይ «ወረ በዳ» የሚል አገኘሁ። ሦስት ሳምንት በተከታታይ፣ «ወረ በዳ ዘንድ ሄድኩ»፣ «ወረ በዳ ዘንድ»፣ «ወረ በዳ፣ አልቅሰን ጸለይን»። ያነበብኩት አላልቼ ነው፤ «በዳ» መጥፎ ማለት ነውና «መጥፎዎቹ ሰዎች» ሆነብኝ። 1974 አባባ ለሁለተኛ ጊዜ ታስረው የተፈቱበት ዓመት ነው። ያሳሰሯቸው ሰዎች መሆን አለባቸው ብዬ አሰብኩ። ሄደው ከእነሱ ጋር ጸለዩ ማለት ነው? ደግሞስ አባባ ሰውን «መጥፎ» ብለው ይጽፋሉ? ቀኑን ሙሉ ሲከነክነኝ ዋለ።

ማታ ለአዳዳ፣ ለአባቴ እህት፣ ደወልኩ። አነበብኩላቸው። ዝም አሉ፤ ከዚያ «አጥብቂው እንጂ!» አሉኝ። ሲጠብቅ «በዳ» ደጋ ማለት ነው። «ወረ በዳ» ማለት የደጋዎቹ ቤተሰብ፤ ከላይ ከደጋ ወርደው መንደሩ ዳር የሰፈሩ ሰዎች ነበሩ፣ ሁሉም በዚያ ስም ነበር የሚጠራቸው። በዚያ ዓመት ሴት ልጃቸው በወሊድ ሞተችባቸው። አዳዳ ልጅቷን ያውቋት ነበር፤ ስሟንም ነገሩኝ። መዝገቡ ውስጥ ጥምቀቷን አገኘሁት፣ ከፍሪዘር በወጣው ቅጠል ላይ።

ሚያዝያ 11

ልሸሽገው አልፈልግም፤ ከወረ በዳ ወዲህ ፍለጋ ውስጥ ገብቼ ነበር። አባባን ማን እንደጠቆመባቸው ከደብተሮቹ አገኘዋለሁ ብዬ የ1970ዎቹን ገጾች በሙሉ እየመረመርኩ ሁለት ሳምንት አለፈ። የተቀደደ ገጽ አለ ወይ ብዬ ስፌቱን ሁሉ ቆጠርኩ። የተቀደደ የለም። የታሰሩባቸው ወራት ባዶ ናቸው፤ ከዚያ በተፈቱ ማግስት «ሐሙስ፣ አሮጊቷ ዘንድ» ብሎ ይቀጥላል። በቀብሩ ዕለት እጄን የያዙኝ ሴት ያኔ አሮጊት አልነበሩም፤ እናታቸው ናቸው አሮጊቷ። ሐሙሱ ከእናት ወደ ልጅ ተላልፎ 40 ዓመት አልፏል።

በመጨረሻ አኮን በቀጥታ ጠየቅኳቸው። «ማን ነው ያሳሰራቸው?»

«አልነገረኝም።»

«ያውቁ ነበር ግን?»

«ያውቃል እንጂ። አንድ ቀን ብቻ ጠየቅኩት። ‹ስሙን ብነግርሽ መንገድ ላይ ስታገኚው ሰላምታ ትከለክይዋለሽ› አለኝ። ከዚያ ወዲያ አልጠየቅኩም። ሰው ሁሉ ሰላም እንዳልኩ ኖርኩ።»

ፍለጋውን ትቼዋለሁ። የጠረጠርኳቸውን የጻፍኩባትን ወረቀትም ቀድጃታለሁ፤ በዚህ ማኅደር ውስጥ ቦታ የላትም።

ከፊደሎቹ እስካሁን 58ቱን ወደ ስም መልሻለሁ፤ እያንዳንዱን ቢያንስ ሁለት ሰው ካረጋገጠልኝ በኋላ ብቻ። እርግጠኛ ያልሆንኩበትን እንዳለ በፊደሉ ትቼዋለሁ።

ግንቦት 17

ካሴት ቁጥር 14። ስብከት ነው፤ ስለ ኤማሁስ መንገደኞች። ድምፃቸው ሞላ ያለ፣ እንደምናውቀው ነው። 9ኛው ደቂቃ ላይ ዝናብ ይጀምራል። መጀመሪያ ጠብ ጠብ፣ ከዚያ በአንድ ጊዜ ቆርቆሮው ላይ ይወርዳል፤ ድምፃቸው ይዋጣል። ጥቂት ሊታገሉት ይሞክራሉ፤ «ከእኛ ጋር እደር፣ ማታ ቀርቦአልና» የሚለው ቃል ግማሹ ይሰማል። ከዚያ ያቆማሉ። አንድ ሰው መዝሙር ያነሣል፣ ሕዝቡ ይቀበላል፤ ዝናብና መዝሙር ተደባልቆ 14 ደቂቃ ይቆያል። ዝናቡ ሲያባራ አባባ ካቆሙበት ቃል ይቀጥላሉ። የተናገሩትን አልደገሙም፣ ይቅርታም አልጠየቁም። እንግዳ መጥቶ የሄደ ያህል ነው።

በኮምፒውተሩ የጩኸት መቀነሻ ሞከርኩት። የዝናቡን ድምፅ ናሙና ወስጄ ቀነስኩለት፤ ዝናቡ ሳሳ፣ የአባባ ድምፅ ግን ውኃ ውስጥ እንደሚናገር ሰው ሆነ፣ መዝሙሩም ተሰባበረ። በቀላሉ ብቻ፣ 6 ዴሲቤል፣ ሞከርኩ። ተሻለ። ቢሆንም ልቤ አልተቀበለውም። ዋናው ፋይል እንዳለ ይቀመጣል፤ የተቀነሰለት ለብቻው። ለመታሰቢያው የትኛውን እንደማሰማ ገና አልወሰንኩም። አዳዳ ስብከቱ ይሰማ፣ ዝናቡ ይውጣ ይላሉ። ወንድሜም እንደዚያ ነው የሚያስበው።

ሰኔ 6

አኮ ቤት ሄጄ ቁጥር 14ን አሰማኋቸው፤ ያልተነካውን። አልጋቸው ጠርዝ ላይ ተቀምጠው፣ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ሰሙ። የባላቸውን ድምፅ ከቀብሩ ወዲህ ሲሰሙ የመጀመሪያቸው ነው። አላለቀሱም። ዓይናቸውን ጨፍነው ጭንቅላታቸውን በቀስታ ያወዛውዛሉ።

ዝናቡ ሲጀምር ዓይናቸው ተከፈተ። እጃቸውን አነሡ።

«ቆይ። መልሺው።»

መለስኩት። ጠብ ጠብ፤ ከዚያ መውረዱ።

«ይሄ እኮ ቆርቆሮው ነው» አሉ። «ከመዘጋቱ በፊት ጣራው ሣር ነበር። ሣር ሲዘንብበት አይጮኽም። ቆርቆሮ የለበሰው ከተመለሰልን በኋላ ነው፣ በ1985፤ የመጀመሪያው ዝናብ ሲመታው ሕፃናቱ ጮኸው ከእናታቸው ሥር ገቡ። ስሚ፣ ሕፃን ይጮኻል አይደል?»

ድምፁን ከፍ አደረግኩት። ከመዝሙሩ ሥር፣ ከዝናቡ ሥር፣ አንድ ሕፃን ያለቅሳል። ስንት ጊዜ ሰምቼው አላስተዋልኩትም ነበር።

«እንደገና» አሉኝ። ሦስት ጊዜ ሰማነው።

እርሳሴን አውጥቼ በቁጥር 14 ሳጥን ውስጥ ያለችው ወረቀት ላይ ጻፍኩ፦ 1985፣ አዲሱ ጣራ፣ የመጀመሪያው ዝናብ፤ ምስክር አኮ። 6 ካሴቶች ይቀሩኛል። ማታ ለአዳዳና ለወንድሜ ደውዬ ዝናቡ እንደማይወጣ ነገርኳቸው።